የማያመኝ እግሬ

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ውርጩ ዛሬ ባሰበት። ሳሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ አደረ። የጠዋት ተረኛ ነበርኩ፣ ሹራብ ፋብሪካው በር ላይ ቆሜ የሌሊት ሠራተኞቹን ስፈትሽ የእጄ ጣቶች አልታዘዝ አሉኝ። ቢሆንም አንዷን ያዝኳት። ክር ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ በላዩ ነጠላ አሥራ…

“እትዬ እናናየሁ፣ ወገቤን አሞኝ ነው የታጠቅኩት።”

ሞኝሽን ፈልጊ! ይህን ያህል ዘመን ፈታሽ ሆኜ የታመመ ወገብና ክር የተጠመጠመበት ወገብ ሊጠፋኝ?

ማታ ቤት ስገባ ምራቴ ሊያ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዛ ቁጭ ብላለች። “እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እግርዎን የማጥበው እኔ ነኝ።”

ምን ነካት? ዩኒቨርሲቲ ቢሮ የምትሠራ፣ ጥፍሯን ቀለም የምትቀባ ልጅ። ድሮ ምራት የአማቷን እግር ታጥብ ነበር፣ እውነት ነው። እኔም አንኮበር ሳለሁ የአማቴን አጥቤያለሁ። ግን መቼ ወድጄ! የዛሬ ልጅ ወዳ ታጥባለች? አንድ የፈለገችው ነገር ቢኖር ነው።

ውሃውን በክርኗ ነካ አድርጋ ሞከረችው። በክርን! እጅ የላትም? አጥባኝ ስታበቃ በየጣቶቼ መሃል በፎጣ አደረቀች። ውስጥ እግሬንና ተረከዜን ቫዝሊን ቀባችኝ፤ ጣቶቼ መሃል ሲደርስ ተወችው። “እዚህ ጋ አይቀባም፣ እርጥበት ይይዛል” አለች። ለቫዝሊን ትሰስት? ጉድ ነው።

አልተመቸኝም ብል ግን ውሸት ነው።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ዛሬም አጠበችኝ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ በመብራቱ ውስጥ እግሬን ታየው ጀመር። ጎንበስ ብላ፣ ቆይታ ቆይታ… ፎቶ አነሳችው።

“ምን ሆነሽ ነው?”

“ተረከዝዎ ተሰንጥቋል እማዬ። ለሲስተር መቅደስ ላሳያት ብዬ ነው።”

ሲስተር መቅደስ የስኳር ክትትሌን የምታየኝ ነርስ ናት። ደግ ሰው ናት፣ ክፉ አይወጣኝም። ግን የኔን ውስጥ እግር በስልክ ምን ታደርገዋለች? የሰው ፊት ፎቶ ሲላላኩ አይቻለሁ። ውስጥ እግር? ለሌላ ሰው ቢሆንስ የምትልከው? ጠንቋይ አሁን በስልክም ይሠራል ይባላል…

ማታ ከመጋረጃው ወዲያ ለባሏ፣ ለልጄ ለአለምነህ ማለት ነው፣ ስትነግረው ሰማሁ። “ቆመው የሚውሉበት ሥራ ለእግራቸው ጥሩ አይደለም። ቢተዉት ነው የሚሻላቸው።”

አሃ! ተገኘሽ! ከሥራዬ ሊያስወጡኝ ነው ነገሩ። ቤት ቁጭ ብዬ ልጅ እንዳሳድግላቸው ይሆናል። ልጁ እንኳን ገና አልመጣም።

አለምነህ ምን አለ? “እሺ” አለ። ከእሺ ሌላ የሚያውቀው የለ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ሊያ እጇን ጫማዬ ውስጥ ከታ ስትዳብስ ያዝኳት። “ጠጠር እንዳይኖርበት ብዬ” አለች። እዚህ ቤት ፈታሹ ማን ነው?

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ… አይ፣ ሰኞ ነው

ትናንት ጾም ገባ። ብርዱም አብሮ የገባ ይመስላል።

የጥበቃ ክፍሉ ውስጥ ማንደጃ አለን። ፍም እንሞላበታለን፣ በየተራ እየገባን እንሞቃለን። እኔ ጫማዬን ሳላወልቅ እግሬን ጠርዙ ላይ እሰቅላለሁ። ደብረ ብርሃን ኖሮ ፍም ላይ እግሩን ያልሰቀለ ማን አለ? ሲስተር መቅደስ ባለፈው ክትትል “እሳት እንዳይሞቁ” ብላኝ ነበር። አዳማ ያደገች ልጅ ስለ ብርድ ምን ታውቃለች!

ፍቅርተማርያም፣ አብራኝ የምትፈትሸው፣ ዛሬ ሁለቴ መጣችብኝ። “እናንዬ፣ አልበዛም? አላቃጠለሽም?”

“ምንም አልሆንኩ። ገና መሞቄ ነው።”

እውነቴን ነው። ሙቀቱ የሚታወቀኝ ጉልበቴ ጋ ሲደርስ ነው። እሷ ግን ምን አስጨነቃት? ገባኝ። የጠዋት ተራዬን ትፈልገዋለች፣ ልጇን ትምህርት ቤት ማድረስ ከብዷታል። ዛሬ ከእሳቱ ታስነሳኛለች፣ ነገ ከተራዬ። እንዲህ ነው ሰው የሚጀምረው።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ካልሲዬ አልወልቅ አለኝ። ሳብ ሳደርገው ቆዳ ይዞ መጣ!

ቀኝ እግሬ ነው። ከአውራ ጣቴ ሥር፣ ውሃ ቋጥሮ የፈነዳ። ሰፊ ነው። ግን አያምም። ነካሁት፣ አያምም። ጫን አልኩት፣ አያምም። የማያም ነገር ምኑ ቁስል ይባላል?

ከየት መጣ ግን? ትናንት አልነበረም። ነበር እንዴ? ሊያ ሰሞኑን ቢሮ እያመሸች አላጠበችኝም… እኔ ደግሞ ዝቅ ብዬ ማየት አልችል፣ ወገቤ እንቢ ይለኛል። ቫዝሊኑ ይሆን? አዲስ ነው የከፈተችው። አንድ ነገር ደባልቃበት ከሆነስ? እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ግን የሰው እግር በገዛ ራሱ አይላጥም፣ አንድ እጅ አለበት።

ቡና ደቁሼ ነሰነስኩበት። በጨርቅ አሰርኩት። ለሊያ “ከዛሬ ወዲያ ራሴ እታጠባለሁ” አልኳት።

“ምን አጠፋሁ እማዬ?” ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እንባ ደግሞ! በር ላይ ስንቱን አይቻለሁ።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ቤቱ ይሸታል። ሊያ ከሥራ ስትገባ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገች። “አይጥ ሞታ ይሆን?” አለች። ወደ እኔ እያየች ነው ያለችው። ምን ለማለት ፈልጋ ነው?

ወደ ማድ ቤት ስትገባ አልጋዬን አንስቼ ፈለግኩ። ምናልባት አንድ ነገር ቀብራብኝ እንደሆነ። ከአልጋው ሥር፣ ከፍራሹ፣ ከትራሱ… ምንም የለም። የአለምነህ አንድ አሮጌ ካልሲ ብቻ። ሽታው ግን እኔ ባለሁበት ሁሉ አለ።

ጨርቁን ቀየርኩ። ቡና ጨመርኩ። አያምም።

ኅዳር 27፣ ዓርብ

አፍሬያለሁ። ቢሆንም ልጻፈው።

ጠዋት በሁለቱ ፈረቃ መሃል ገብቼ እግሬን ማንደጃው ላይ ሰቀልኩ። ትንሽ ቆይቶ ላስቲክ ሲቃጠል ሸተተኝ። ወዲያው ጠረጠርኩ። የሰረቁትን ክር እንዳይያዝባቸው ሲያቃጥሉት አንድ ጊዜ አግኝተናል። ዘልዬ ወጣሁ። “በሩን ዝጊ ፍቅርተ! አንድም ሰው እንዳይወጣ!”

ሰልፉ ቆመ። ቦርሳቸውን አስከፈትኩ። ኮታቸውን አስወለቅኩ፣ በዚያ ብርድ። ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ እያሸተትኩ ሄድኩ። ሽታው አለ። ወደ ኋላ ስመለስም አለ። አንዷ ጋ ስደርስ ጭራሽ ባሰ። “አንቺ ነሽ! አውጪ!” አልኳት። ልጅት አፏን ይዛ ወደ ታች ታያለች።

“እትዬ… ጫማዎ።”

አየሁ። ከጫማዬ ጭስ ይወጣል። ሶሉ ቀልጦ ሲሚንቶው ላይ እየተለጠፈ ጥቁር ኮቴ ትቷል፣ ከጥበቃ ክፍሉ እስከቆምኩበት ድረስ።

ፍቅርተማርያም መሬት ላይ ተንበርክካ ጫማውን መነጨቀችው። እጇ ተቃጠለ፣ “ውይ!” አለች፣ ግን አለቀቀችም። ካልሲውም ጨርቁም አብሮ ወለቀ። ያ ሁሉ ሴት እግሬን አየ። ሽታውም ወጣ። የቤቱ ሽታ… እሱ ነበር።

“እናንዬ፣ አላመመሽም?”

“አላመመኝም።”

“ይኼ ሁሉ? አላመመሽም?”

“አላመመኝም አልኩሽ እኮ!”

ማልቀስ ጀመረች። ለምን እንደምታለቅስ አልገባኝም ነበር መጀመሪያ። እሷ እጇን ትንሽ ቢነካት ጮኸች። እኔ በተቃጠለ እግር ሰልፉን ሁሉ ዞርኩ። ያን ጊዜ ገባኝ። እግዚኦ! ምን ሆኛለሁ?

ቫዝሊኑ አይደለም። ሊያ አይደለችም፣ ፍቅርተም አይደለችም። እኔው ነኝ። በየቀኑ፣ ፍም ላይ፣ በገዛ እጄ።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ሊያ ናት ሐኪም ቤት የወሰደችኝ። መንገድ ላይ አንድ ቃል አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ሲስተር መቅደስ ቁስሉን አጥባ አየችው፣ ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ አንድ ቀጭን የናይለን ክር የመሰለ ነገር አወጣች። “ዓይንዎን ይጨፍኑ። በነካሁዎት ቁጥር ‘አለ’ ይበሉኝ” አለች።

ጨፈንኩ። ጠበቅኩ። ዝም። መሣሪያው ተበላሽቶባት ይሆን አልኩ።

“ሲስተር፣ ጀምሪ እንጂ።”

መልስ የለም።

“ምን ትጠብቂያለሽ?”

“ጨርሻለሁ እትዬ እናናየሁ።”

“አልነካሽኝም! ሊያ፣ ነክታኛለች?”

ሊያ ግድግዳውን ተደግፋ ፊቷን በነጠላዋ ይዛለች። “ሁሉም ቦታ ነክታዎታለች እማዬ።”

አላመንኩም። እያየሁ ይደገምልኝ አልኩ። ደገመችልኝ። ክሩ ውስጥ እግሬ ላይ ሲጎብጥ አየሁት። አውራ ጣቴ ላይ፣ ተረከዜ ላይ… የሰው እግር ነው የምትነካው የሚመስለው። በዚህ እግር ነው እንግዲህ ስሄድ የኖርኩት።

“ስኳሩ ነርቩን ጎድቶታል” አለች። “ስለማያምዎት በዓይን ነው የሚጠበቀው፣ በየቀኑ። ሊያን እጠቢያቸው፣ ውስጥ እግራቸውን እይላቸው ያልኳት እኔ ነኝ። የተረከዝዎን ፎቶም ልካልኛለች። ከዚያ ‘አላስነካም አሉኝ’ ብላ እያለቀሰች ደወለችልኝ።”

ወደ ሊያ ማየት አቃተኝ።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

አስተኝተውኛል። ሐኪሙ ወጣት ነው። አጥንቱ ጋ ደርሷል ይላል። አውራ ጣቱ ይቆረጥ ይላል።

ለምን ይህን ያህል ቸኮለ? መማሪያ ሊያደርገኝ ይሆን? ራጁን አሳየኝ አልኩት። አሳየኝ። ሌላ ሐኪም ይየው አልኩ። ሌላም መጣ፣ ያንኑ አለ። “ተማክራችሁ ነው?” አልኳቸው። ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ከአንኮበር እህቴ ደወለች። “ጠበል ግቢ፣ አታስቆርጪ” ትላለች። ሲስተር መቅደስን ጠየቅኳት፣ ትቃወመኛለች ብዬ ነገር ፈልጌ ነበር። “ጠበሉን ይጠጡ እንጂ እትዬ፣ ማን ከለከለዎት። ቁስሉን ብቻ አያርጥቡት፣ በባዶ እግርዎም እንዳይቆሙ። ግን ጣቷ ዛሬ ካልሄደች ነገ እግር ይከተላል” አለች።

አለምነህን ፈለግኩት። ልጄ የለም። ከመኪናው አይወርድም። ደብረ ብርሃን አንኮበር ሚኒባስ ይነዳል፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት አይፈራም፣ የእናቱን እግር ይፈራል። አንድ ጊዜ በር ላይ ደርሶ “ነዳጅ ልቅዳ” ብሎ ተመለሰ። ዶሮ ሲታረድ ከግቢ የሚወጣ ወንድ።

ሊያ ግን አጠገቤ ናት። “አንቺ ምን ትያለሽ?” አልኳት። ምክር ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

“ይቆረጥ” አለች። ዓይን ዓይኔን እያየች።

እሺ አልኩ። ፈራሁ፣ እናቴን። በጣም ፈራሁ።

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

ተቆረጠ። አላመመኝም። ማደንዘዣው ነው ይላሉ…

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ቤቴ ነኝ። ለበዓል ጎረቤት ገባ ወጣ አለ። ሁሉም መጀመሪያ የሚያየው ፋሻውን ነው፣ ከዚያ ነው “እንኳን አደረሰሽ” የሚለው።

ፍቅርተማርያም ብርቱካን በላስቲክ ይዛ መጣች። ብርቱካን ለስኳር በሽተኛ! አውቃ ነው ወይስ…? ሊያ ሳቀች፣ “አንድ ቢበሉ አይጎዳዎትም” አለችኝ። አንዱን በላሁ፣ ሌላውን አለምነህ ጨረሰው።

“ተራዬን ማን ያዘው?” አልኳት ፍቅርተን።

“ማን ይይዘዋል? ባዶውን ነው። ለኃላፊው ነግሬው ወንበር አስፈቅጄልሻለሁ፣ ተቀምጠሽ እንድትሠሪ።”

“ለምን?”

“ለምን ማለት ምንድን ነው እናንዬ?”

የተቃጠለው መዳፏ ጠባሳ ሆኗል። ያዝኩት፣ ሳምኩት። እሷም ደነገጠች፣ እኔም።

አለምነህ ሰፊ ጫማ ገዝቶልኛል፣ ውስጡ ለስላሳ። ክራንችም አምጥቷል። ምን ያላመጣው አለ! ግን ሊያ ፋሻውን መፍታት ስትጀምር “መኪናውን ልየው” ብሎ ይወጣል። ፈርዶብኝ ይሆን? ራሷ ናት ያመጣችው ብሎ በሆዱ ይዞብኝ ይሆን? እኔ ብሆን እይዝ ነበር።

ጥር 11፣ እሑድ

ጥምቀት። ታቦት የሚያጅበው ብዙው ሰው በባዶ እግሩ ነው። እኔ ጫማ አድርጌ ከዳር ቆምኩ። አንዲት ሴትዮ ጫማዬን አይታ ገላመጠችኝ። ገልምጪ! መድኃኔ ዓለም ያውቃል።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ሥራ ገባሁ። ወንበሩ እውነትም አለ። ዞሬ አየሁት፣ እግሩንም ነቅነቅ አደረግኩት፣ ጠንካራ ነው።

ማንደጃውም እንዳለ አለ። ወደዚያ አልሄድኩም፣ ሁለት ካልሲ ደርቤ ጋቢ ጉልበቴ ላይ ጣልኩ። አንድ አዲስ ጥበቃ እግሩን ጠርዙ ላይ ሰቅሎ አገኘሁት። “አውርድ!” ብዬ ጮህኩበት። “ኧረ እኔ ስኳር የለብኝም እትዬ” አለኝ። እንዴት አወቅህ? ተመርምረሃል? አልኩት። ነገ ሄዶ ካልተመረመረ እግሩን አያሞቅም፣ ነግሬዋለሁ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ሊያ ለእህቷ ሠርግ ደሴ ከሄደች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ከመሄዷ በፊት ሁሉን አስረዳችኝ። እንዴት እንደማደርቅ፣ ጥፍሬን ራሴ እንዳልቆርጥ፣ መስታወት ወለሉ ላይ አድርጌ ውስጥ እግሬን እንዳይ። ወጥታ እንደገና ተመለሰች፣ ጫማዬን ዳበሰች። አልከለከልኳትም። ይልቅ ዳብሺው።

ሐሙስና ትናንት በመስታወት አየሁ። ዛሬ ግን ግራ እግሬ ጣቶች መሃል አንድ ነገር ጠቆር ብሎ ታየኝ። ወይስ የመስታወቱ እድፍ ነው? መስታወቱን ጠረግኩት። ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም፣ መብራቱም ደክሟል። ጫን አልኩት። አያምም።

ድሮ ቢሆን “አያምም” ብዬ እተኛ ነበር። አሁን ግን አልተኛሁም። ሰውን ሁሉ ስጠረጥር ኖሬ ዝም ብዬ ያመንኩት ይኸን እግር ነበር፣ ጉድ የሠራኝም እሱ ነው። እንግዲህ አላምነውም።

“አለምነህ!”

ቴሌቪዥን እያየ ነበር። “አቤት እማዬ።”

“ና እግሬን እይልኝ።”

“ሊያ ሰኞ ትመጣ የለ?”

“እስከ ሰኞ አላድርም።”

“አሞሻል እንዴ?”

“አላመመኝም። ለዚህ እኮ ነው የጠራሁህ!”

መጣ። ቀስ እያለ መጣ። ትንሿ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ካልሲዎቼን አወለቅኩና ሁለቱንም እግሬን ጭኑ ላይ ጣልኩበት። ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረ። ማስታወቂያ ነው የሚያሳየው፣ የቀለም ማስታወቂያ። አፍጥጦ ያያል።

“እየው።”

“እማዬ…”

“ፈርደህብኛል?”

ይኼን ሲሰማ ዞረ። “እኔ? በምን?”

“በገዛ እጄ ነው ያመጣሁት።”

“የኔስ ዓይን? አንድ ቤት እያደርኩ፣ ሚስቴ ‘የእናትህን እግር እየው’ እያለችኝ… ፈርቼ ነው እኮ እማዬ። ሌላ ምንም አይደለም፣ ፈርቼ ነው።”

ከዚያ አየው። ጣቴ የነበረችበትን ባዶ ቦታ አየ። መዳፉን ጣል አደረገበት፣ ሸፈነው፣ እና አለቀሰ። ጢም ያወጣ ሰው፣ ትከሻው እየተነሳ እየወደቀ፣ እንደ ልጅ። እኔም አለቀስኩ። እጁ እግሬ ላይ እንዳለ አያለሁ እንጂ ሙቀቱ አይሰማኝም… ይኼ ነው ያስለቀሰኝ። በዓይኔ ያዝኩት።

ራሱን ደባበስኩት። ቸኩል አላልኩትም። አለምነህ እንባው ብዙ ነው፣ ከልጅነቱም እንዲሁ ነበር።

“አልቅሰህ ስትጨርስ” አልኩት፣ “መብራት አምጣና በቀሩት ጣቶቼ መሃል እይልኝ።”